ባብል ቲ ልፈርድ ደብረ ብርሃን ሄጄ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ጎረቤላ

ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ፤ ያለ አስተማሪ ሬዲዮና ሰዓት መጠገን የቻለ ሰው የፊት ወንበር ይገባዋል። የምሄደው ለፍርድ ነው። የልጅ ልጄ ሜሮን ደብረ ብርሃን ውስጥ ባብል ቲ የሚባል ሻይ መሸጫ ከፍታለች። አባቷ፣ ማለትም ልጄ፣ "እርስዎ ቀምሰው አይረባም ካሉ ነገውኑ ትዘጋለች" ብሎኛል። ሹፌሩ ምን ዓይነት ሻይ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይቼው ባላውቅም በሰፊው አስረዳሁት።

1 ሰዓት፣ መንገድ ላይ

ግራና ቀኝ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ብርድ ልብስ የተከናነቡ ገበያተኞች። ፍርዴን ከወዲሁ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ የወረት ነገር ነው፣ ይዘጋ። ጊዜ ማባከን አልወድም።

3 ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሰልፉ ግን አስፋልቱ ጋ ደርሷል። ተማሪዎች፣ ሁለት ነርሶች፣ አንድ ባለ ከረባት። የአንዱ ብርጭቆ ዋጋ ሽሮ ከነእንጀራው ያበላል። ሜሮን ቀዝቃዛ የወተት ሻይ፣ አውራ ጣት የሚያህል መምጠጫ ሰክታ አቀረበችልኝ። ከሥሩ ጥቁር ነገር ዘቅጧል። ደነገጥኩ። በእኛ አገር ለእንግዳ ከነአተላው የሚቀርብ መጠጥ የለም። ልጅቱን ሰው ፊት ላለማሳፈር በነጠላዬ ጫፍ አጠለልኩላትና ጥቁሩን ደጅ ልደፋ ተነሳሁ።

"አባባ፣" አለች ክንዴን ይዛ፣ "ሰው የሚሰለፈው እኮ ለእሱ ነው።"

ሰልፈኛው ሳቀ። ካሳቫ ከሚባል የሥር ተክል ዱቄት የተሠራ፣ የሚታኘክ ጣፋጭ ፍሬ ነው አለችኝ። እንደማውቅ ነገርኳት። ሌላ ስትቀዳልኝ ዓይኗን ከፊቴ አልነቀለችም፤ የአባቷን ቃል ሰምታለች።

አኘክሁት። ወጣቱ ለምን እንደወደደው ከማንም ቀድሞ የገባኝ እኔ ነኝ፦ ሻይ ቶሎ ያልቃል፤ ይሄ ግን እየታኘከ ጨዋታ ያስረዝማል። ሁለት ጨረስኩ። ቢሆንም ዳኛ አይቸኩልም፤ "አስቤ ለአባትሽ እነግረዋለሁ" አልኳትና ለባለቤቴ አንድ ይዤ ተመለስኩ።

10 ሰዓት፣ ቤቴ

እጄን ታጥቤ ስገባ ባለቤቴ ያመጣሁላትን ሻይ ያለ ጥቁሩ ይዛ ቁጭ ብላለች።

"የከተማ ሰው ማጥለል ረስቷል" አለችኝ። "አተላውን ለጊደሯ ሰጠኋት።"

ስልኬ ጮኸ፤ ልጄ ነው። እያናገርኩት ወደ በረቱ ወጣሁ። ጊደሯ ባዶውን ገንዳ ትልሳለች፤ ስታየኝ ቀና ብላ እጄን አሸተተች።

"አይዘጋም" አልኩት። "ምስክርም አለኝ።"