የተጠቀለለው አምፕሊፋየር

ሙሄዲን ፈሪ ነው። ይህን ማለት እሱን ማማት አይደለም፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ለሚያውቀው ሁሉ በገዛ አፉ የሚናገረው ነገር ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬም ቢስሚላህ ሳይል ባትሪ አይነካም። ሥራው ግን ንጹሕ ነው። እሱ የገጠመው ቴፕ፣ እሱ የዘረጋው የአላርም ሽቦ ተበላሽቶ አይመለስም፤ ሌላው አንድ ጊዜ የሚያጠብቀውን ብሎን እሱ ሦስት ጊዜ ያጠብቃል።

ሙያውን የቀሰመው አሰብ፣ ቢስቲማ ተወልደው ወደብ ላይ ካረጁት ከሐጂ ጀማሉዲን ነው። አሰብ ላይ ፀሐዩ ከላይ፣ ሞተሩ ከታች ያነዱታልና አዲስ የገባ አላርም ሳምንት ሳይሞላው ነዶ ይመጣል። ሐጂ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን ዕቃ ባለቤት፣ በኋላ የተጨመረውን እንግዳ ይሉት ነበር። "ባለቤቱስ ሙቀቱን ችሎ እንዲኖር ነው የተሠራ" ይሉታል። "እንግዳውን ግን ከማርሚታው፣ ከጭስ መውጫው፣ አርቀው። ማራቅ ካቃተህ ላሜራ ጋርድለት፤ በላሜራውና በዕቃው መሀል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተው፣ ነፋስ ይለፍበት። ደሞ እንዳታፍነው፤ እሱም የራሱ ሙቀት አለው።" ሙሄዲን ይህን ሰምቶ ይዞታል፣ ለሌሎችም አስተምሯል። ታዲያ አምፕሊፋየሩን በጠቀለለ ቀን ምን ነካው ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ ፈራ።

ፍርሃቱም ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት፣ ከጎኑ ጎማ የሚጠግነው አራጋው ሻይ ቤት ውስጥ በተናገራት አንዲት ቃል ተወስዶ ሁለት ወር ቆየ። ሲመለስ ሥጋውም ጨዋታውም አልቆ ነበር። ያ ቀልደኛ ሰው ከዚያ ወዲህ ዝናብ ጣለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ እንኳ "እኔ አላየሁም" ይላል። ሙሄዲን ይህን አይቶ፣ ሚስቱን ሸሪፋንና ሁለት ሴት ልጆቹን አስቦ፣ አፉን ዘጋ።

አምስት ዓመት አለፈና ሌላ ምርጫ መጣ። በሁለት ሺህ ሁለት ሚያዝያ ውስጥ አንዲት ነጭ ፒክአፕ ደጃፉ ላይ ቆመች። ከጋቢናዋ የወረዱት አቶ ስማቸው የሚባሉ ከደሴ የመጡ የገዢው ፓርቲ የቅስቀሳ ኃላፊ ናቸው፤ መሪውን የያዘው ደግሞ ሾፌራቸው በላቸው። ሁለት የድምፅ ማጉያ መለከት ጣሪያው ላይ፣ አምፕሊፋየሩን ደግሞ ኮፈኑ ሥር እንዲገጥምላቸው አዘዙ።

ሙሄዲን ልቡ ደነገጠ። አምፕሊፋየር ሞተር አጠገብ አይቀመጥም። "ከወንበሩ ጀርባ ብናደርገው ይሻላል፣ ጌታው" አለ ቀስ ብሎ።

"እዚያ ወረቀት ይጫናል። ጋቢና ውስጥ ሽቦ ማየትም አልፈልግም። አትችልም እንዴ?"

"እችላለሁ" አለ። አንድ ቃል ጨምሮ ቢያስረዳ ኖሮ ምናልባት ይሰሙት ነበር። ግን አቶ ስማቸው ሰዓታቸውን ሲያዩ ሙሄዲን መፍቻውን አነሳ።

ሥራውን መጀመሪያ ደህና አድርጎ ነው የጀመረው። ከማርሚታው በተቃራኒ ጥግ ቦታ መረጠ፤ ላሜራ ቆርጦ ጋረደ፤ ጣቱን አስገብቶ ክፍተቱን ለካ። ሽቦውን በስታኞ በይዶ በናስትሮ አሰረ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ነገር ግን በልግ ነውና ደመናው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ አየ። ውሃ ቢገባበትስ? ነገ የሚሄዱበት የሐርቡ ገበያ አቧራ ቢገባበትስ? ሙቀቱ ላሜራውን ቢያልፍስ? አምፕሊፋየሩን በስፖንጅ ጠቀለለው። አሁንም ልቡ አልረጋምና በላስቲክ ደረበበት፤ ዙሪያውን ደግሞ በናስትሮ ጠፍንጎ አሰረው። በላቸው ቆሞ ሲያይ ቆይቶ "በእመቤቴ፣ አራስ ልጅ አስመሰልከው እኮ" ብሎ ሳቀበት።

በማግስቱ ሐርቡ ገበያ ላይ ሕዝቡ ግጥም ብሎ በቆመበት፣ አቶ ስማቸው ስለ ልማት እየተናገሩ ሳለ ድምፁ ጠፋ። ማይኩን መቱት፣ ጮኹበት፣ ምንም የለም። ከገበያተኛው መሀል አንዱ ሳቀ፤ ሳቁም ተዛመተ። መኪናዋ ከነሾፌሯ በቀጥታ ወደ ደሴ ተወሰደች። ሙሄዲን ይህን የሰማው በስልክ ነው፤ አቶ ስማቸው ራሳቸው ደወሉ። "ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደሴ ቢሮዬ ትገኛለህ" ብለው ዘጉት።

ጠዋት ሸሪፋ ሻይ አቀረበችለት፣ አልወረደለትም። "አብሽር፣ ሙሄ" አለችው። "ሰው አልገደልክ።" እሱ ግን የጫማውን ማሰሪያ ሦስት ጊዜ አጠበቀ። ልጆቹን ሳይሰናበታቸው ወጣ፤ ቢሰናበታቸው ላለመመለስ የሚሄድ ይመስለው ነበር። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ አራጋውን እያሰበ ደሴ ደረሰ።

ቢሮው ውስጥ አቶ ስማቸው ብቻቸውን አልነበሩም። ጥግ ላይ ስሙን ያልነገሩት አንድ ሰውዬ ተቀምጧል፤ አይጽፍም፣ አይናገርም፣ ሙሄዲንን ብቻ ያያል። አምፕሊፋየሩ እንደተጠቀለለ፣ ከነሽቦው ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አለ።

"ይኼ አጋጣሚ አይደለም" አሉ አቶ ስማቸው። "አንድ ሰው ሕዝብ ፊት ሊያዋርደን ፈልጓል። እኛ አንተን አልጠረጠርንም። በላቸው አፉ ልቅ ነው፣ ከዚህ ቀደምም የተናገረውን እናውቃለን። ሽቦውን ነቅሎታል ብለህ ጻፍና ፈርም። ከዚያ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።"

ወረቀትና እስክሪብቶ ቀረበለት። ሙሄዲን እስክሪብቶውን አነሳ። ጀግና ነበር ብሎ ማውራት ውሸት ይሆናል፤ አነሳ፣ "እኔ ሙሄዲን" ብሎም ጻፈ። ቤቱ በር ላይ የምትጠብቀው ሸሪፋ ታየችው። ከዚያ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ባለው የሽቦ ቁራጭ ላይ አረፈ። በገዛ እጁ የበየደው፣ በገዛ እጁ ያሰረው ሽቦ ነው፤ መጋጠሚያው እንደታሰረ ነው፣ ማንም አልነቀለውም። ተነቅሏል ብሎ ሊጽፍ ቢሞክር እጁ እምቢ አለው። አፈረም። አራጋውን የወሰደው ወረቀት ላይም እንዲህ የፈረመ አንድ የፈራ ሰው ነበረ ማለት ነው።

"ልፍታው?" አለ አምፕሊፋየሩን እያሳየ።

ጥግ ያለው ሰውዬ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ሙሄዲን ናስትሮውን ቀደደ፣ ላስቲኩን ገፈፈ። ስፖንጁ ቀልጦ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተጣብቋል፤ የተቃጠለ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ክዳኑን ሲከፍት የመሀሉ ስታኞ ቀልጦ ወርዷል።

"በማርሚታው በኩል ያለው ጎን ይኸው፣ አልተነካም" አለ። "ላሜራው ይዞለታል። የነደደው ከውስጡ ነው። ዕቃው ሲሠራ የራሱ ሙቀት አለው፤ መውጫ እንዲያጣ ያደረግኩት እኔ ነኝ። መጠቅለል አልነበረብኝም። ሐጂ አስተምረውኝ ነበር፣ ወላሂ፤ እናንተን ፈርቼ ነው። በላቸው ምንም አላደረገም።"

ሰውዬው ተነስቶ የቀለጠውን ስፖንጅ በጣቱ ነካ። ከዚያም የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣና ሙሄዲን ፊት አኖረው። በላቸው የሰጠው ቃል ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ሙሄዲን ቅስቀሳውን ለማሰናከል ሆን ብሎ ዕቃውን አበላሽቶታል ይላል፤ ከሥሩ ፊርማ አለ። ቀኑ የትናንት ነው።

ሙሄዲን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ዛሬ ትሄዳለህ" አለ ሰውዬው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ሌላ አምፕሊፋየር ተሰጥቶሃል፣ እስከ ነገ ግጠመው። ይኼ የበላቸው ወረቀት ግን እዚህ ይቀመጣል።"

ውጭ በላቸው ፒክአፗ ውስጥ ይጠብቀው ነበር፤ ወደ ኮምቦልቻ እንዲያወርደው ታዟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ሙሄዲን አዲሱን ካርቶን ታቅፎ ጋቢና ገባ። ሐረጎን ግማሽ ወረዱ።

"ስለ እኔ ጠየቁህ?" አለ በላቸው ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

"ጠየቁኝ።"

"ምን አልካቸው?"

"ሽቦው ደህና ነው አልኩ።"

በላቸው መኪናዋን ዳር አስያዘና አቆማት። "ሙሄ፣ እኔ ፈርሜብሃለሁ" አለ። "ልጆቼን እያነሱ አስፈራሩኝና ፈረምኩ።"

"አይቼዋለሁ" አለው ሙሄዲን። "እኔም ስሜን ጽፌ ነበር፤ የቀረኝ ያንተ ስም ነው። ንዳ አሁን፣ ሸሪፋ በር ላይ ቆማለች።"