የጫልቱ ቁርጠት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ጾም መሻሬን፣ ጠጅ ቤት መደባደቤን ነግሬያለሁ፤ ስገድ ብለውኝ ሰግጃለሁ። የጫልቱን ነገር ግን ዋጥኩት። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነውና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። የምትፈርዱበት ሌላ አለላችሁ።

ጫልቱ የቡሬ ልጅ፣ ሚስቴ ነበረች። ጠላት ከወጣ በኋላ መቱ ላይ ጎጆ ወጣን። እኔ በበቅሎ ቡና ወደ ጎሬ አመላልስ ነበር። የወር አበባዋ ሲመጣ ቁርጠት ይጥላታል። ጉልበቷን አቅፋ መደብ ላይ ትንከባለላለች፤ ላብ ያጠምቃታል፣ ያስመልሳታል። በማግስቱ ተነሥታ ሥራዋን ትይዛለች። «እናቴንም እንዲህ ያደርጋት ነበር» ብላኛለች። ዝንጅብል አፍልታ ትጠጣለች፤ የሞቀ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልላ ሆዷ ላይ ታስራለች። ዝንጅብሉን ከጓሮ የነቀለላት ማን ነው? እኔ። ድንጋዩን እሳት ዳር ያሞቀላት ማን ነው? እኔ። አላወቅሁም ልል አልችልም።

ሳንወልድ ቆየን። እናቴ ዝንጅብል የምታፈላበትን ምንቸት አየችና «ይቺ ሴት ዘርህን በመድኃኒት ታስወርዳለች» ብላ ሽማግሌ ሰበሰበች። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ለምን አልተናገርኩም? የወር አበባ በወንዶች ፊት አይነሣማ። እውነቱን ከፈለጋችሁ ደግሞ፣ መካን እሱ ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ።

ሽማግሌዎቹ ደጃችን ተቀመጡ።

«በየወሩ የምትጠጪው ምንድን ነው ልጄ?»

«ለሆዴ ነው አባቴ።»

«ሆድሽን ምን አገኘው?»

ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። አንዱ ሽማግሌ፣ «ደመወዝተኛ ሆድ ነው እንዴ፣ ወር እየጠበቀ የሚያማት?» አሉ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

«እሱ ያውቃል፤ ይንገራችሁ» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? የሴት ነገር» አልኩ።

በዚች ቃል ፈረድኩባት። ፅንስ ገዳይ ብለው አፋቱን። ያን ዕለት ቁርጠቱ ይዟት ነበር። ሆዷን ይዛ፣ እየጎበጠች፣ የቡሬን መንገድ በእግሯ ስትያያዘው ቆሜ አየሁ። በቅሎዬ ሥራ ፈትታ ደጅ ታስራ ነበር።

ወሬው ቡሬ ቀድሟት ደረሰ። ያገባት የለም። ጎረቤቶቿ ሕፃን አያሳቅፏትም አሉ።

ከዓመታት በኋላ ጎሬ የእግሬን ቁስል ላሳጥብ ሄጄ ቁስል አጣቢውን ድሬሰር «ለወር አበባ ቁርጠት ዝንጅብል የምትጠጣ ሴት ፅንስ ታስወርዳለች?» ብዬ ጠየቅሁት። «ማሕፀን ደሙን ሊያስወጣ ሲጨመቅ ነው የሚያማቸው። ትኩስ ነገር ያላላዋል። ከፅንስ ማስወረድ ጋር ምን አገናኘው?» አለኝ። ታዲያ እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የጠየቅሁት? አይደለም። ጥፋተኛዋ እሷ ናት እንዲለኝ ፈልጌ ነው። ይህን ያህል ክፉ ነኝ።

በስተርጅና ቡሬ ሄጄ ደጇ ቆምኩ። ፀጉሯ ሸብቷል።

«ምን ልትጨምርብኝ መጣህ?» አለችኝ።

«እውነቱን ልነግራቸው።»

«ለማን?»

እናቴ ሞታለች። ከፈረዱት ሽማግሌዎች አንድም በሕይወት የለም። በሯን ዘጋች።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳት እሷን ነው፤ እሷም በሯን ዘግታለች። ደግ አደረገች።