ሳይቆረጥ የሚታወቅ ዋንዛ

አንዳንዱን ነገር አዛብቼ አስታውሼ ይሆናል። የመጀመሪያው ቀን ካፊያ እንደነበረ ይታየኛል፤ ማስታወሻዬ ግን ስለ ዝናብ ምንም አይልም።

ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለ ማሳ ውስጥ ለቡናው ጥላ የሚሰጡትን ዋንዛዎች እንለካ ነበር፤ እኔና ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያልተለየኝ ባልደረባዬ። ሥራችን ለዘር የሚሆኑ እናት ዛፎችን መምረጥ ነው። ግንዱ ላይ ሁለት ቀጫጭን ሹል ብረቶች፣ አንዱን ከታች አንዱን ከላይ፣ እንሰካለን፤ የታችኛውን በመዶሻ መታ ስናደርግ ድምፁ ላይኛው ዘንድ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ መሣሪያው ያሳየናል። ድምፁ በፈጠነ መጠን እንጨቱ ጠንካራ ነው። ዛፉ ሳይወድቅ ጥራቱ ይታወቃል። እኔም ዛፎቹን ከጠንካራው ጀምሬ በደረጃ ደብተሬ ላይ እዘረዝራለሁ፤ የቆሙበትንም ቦታ እነድፋለሁ።

የማሳው ባለቤት፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ዛፉን ጉንፋን ይዞታል እንዴ? እንደ ሐኪም ደረቱን የምታዳምጠው!» አሉኝ።

«ጤነኛውን ፍለጋ ነው፣ አባባ። ዘር የምንወስደው ከእሱ ነው።»

«መጋዝስ?»

«መጋዝ አይነካውም።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አልኩ። ክርስቲያን መሆኔን ስለሚያውቁ ሳቁ፤ መሐላውን ግን ተቀበሉ።

የዋንዛው ፍሬ ሊደርስ ሲል ለዘር ተመልሼ ሄድኩ። ስድስት ዋንዛዎች ጉቶ ሆነዋል፤ ከሥራቸው የነበረው ቡና በፀሐይ ጠውልጓል።

«የላክሃቸው ሰዎች ቆረጡት» አሉ ሽማግሌው። «ዝርዝርህን ይዘው መጡ፤ ለጥናቱ ነው አሉ። ስምህን ሲጠሩ እንዴት እምቢ ልበል?»

አልላክሁም ብዬ ልምል ስል እጃቸውን አነሱ። «ተው፣ አትማል።»

ግንዶቹ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት መግባታቸውን ሰማሁና ሄድኩ። ባለቤቱ ከኪሱ አውጥቶ ያሳየኝ ዝርዝር የባልደረባዬ እጅ ጽሑፍ ነበር።

ባልደረባዬን ስጠይቀው አላፈረም። «ሳይቆረጥ ይለካል አልን እንጂ ተለክቶ አይቆረጥም አላልንም» አለና ሳቀ። «ደግሞስ ደብተሩን የሰጠኸኝ አንተ አይደለህ?»

ሰጥቼው ይሆን? ወይስ ጠረጴዛ ላይ ትቼው አገኘው? እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ መዶሻውን፣ እኔ እርሳሱን ይዘን በሠራንበት ዘመን ሁሉ ደብተሩን ከእሱ ሸሽጌ አላውቅም፤ ለምንስ እሸሽገዋለሁ?

አንድ ነገር ግን በኋላ ማሳው ድረስ ሄጄ፣ የጉቶዎቹን ቦታ ከደብተሩ ንድፍ ጋር አመሳክሬ አረጋግጫለሁ። የተቆረጡት በጥንካሬ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ የወጡት ናቸው፤ ከሰባተኛው ጀምሮ ያሉት ዛሬም ቆመዋል።