«ገብቷታል» ብዬ የፈረምኩት

በወረዳው መዝገብ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ዋናውን ሳላይ ኮፒ አላረጋግጥም። ባለጉዳዩ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ጎረቤቴም ቢሆን ያው ነው። «ዋናውን ያምጡ» እላለሁ። በዚህ የሚረግሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ቤቴ ስገባ ግን ሌላ ሴት ነበርኩ። ምስር እየለቀምኩ፣ ሳላይ እፈርም ነበር።

የምፈርመው የልጄን የንባብ ቅጽ ነው። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ መምህሯ ለግማሽ ዓመቱ አሥራ ሁለት አጫጭር ታሪኮች ሰጥቷቸዋል። ተማሪው እያንዳንዱን ታሪክ ቤቱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ወላጅ ያዳምጣል፤ ወላጅ ይፈርማል። አሥራ ሁለት ፊርማ የሞላለት «ኤ» ክፍል ይቀጥላል። ያልሞላለት ወደ «ቢ» ይወርዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ቲቶሪያል ይገባል። ትምህርት ቤቱ ምንም ሳይጠይቀኝ በእንግሊዝኛዬ ስለተማመነ አመሰግነዋለሁ። አባቷ ክፍለ ሀገር መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ በሁለት ወር አንዴ ይመጣል። ስለዚህ አዳማጩም ፈራሚውም እኔ ነኝ።

ልጄ ስታነብ ደስ ትላለች። እንግሊዝኛውን ታንቆረቁረዋለች፤ አንድም ቦታ አይዛትም። እኔ ያደግኩት ንባብ በጆሮ በሚመዘንበት ቤት ነው። አባቴ ዲያቆን ነበር፤ ቃሉ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን ለይቶ ያነበበ ሰው እሱ ዘንድ አነበበ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ምን ይፈለጋል? ልጄ ስትጨርስ በልቤ አሜን እልና እፈርማለሁ። ስድስት ጊዜ አሜን አልኩ።

ሰባተኛው ላይ፣ ሰኞ ምሽት፣ እስክሪብቶው እምቢ አለኝ። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ስሞክረው ዓይኔ ከግርጌ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ዐረፈ። የእኔ እንግሊዝኛ ቅጽ እስከ መሙላት ነው፤ ይቺም የቅጽ ቋንቋ ናትና ቃል በቃል ሄድኩባት። «ልጄ ይህን ታሪክ አንብቦ እንደገባው አረጋግጣለሁ» ትላለች። አዳምጫለሁ አትልም። ገብቶታል ነው የምትለው።

«ታሪኩ ምን ይላል?» አልኳት።

«የቱ?»

«አሁን ያነበብሽው።»

«እማ፣ አነበብኩልሽ እኮ!»

«ሰማሁ። ምን ይላል?»

በረጅሙ ተነፈሰች። «አንዲት ሴትዮ አለች። ማታ ማታ ሁለት ሳህን ታቀርባለች። ከዛ ሁለቱንም ታጥባለች። አንዱ ግን አልቆሸሸም። አለቀ።»

«ለምን ሁለት?»

«አልተጻፈም።»

«ያልቆሸሸውንስ ለምን ታጥበዋለች?»

«አልተጻፈም አልኩሽ! ኧረ እማ፣ ከፈለግሽ ደራሲውን ጠይቂው!»

ደብተሯን አመጣች። ደብተሯ ያምራል፤ ርዕሱ በቀይ፣ ትርጉሙ በሰማያዊ። ሲሚሊ፣ ሜታፎር፣ አይረኒ። ለአይረኒ፣ ማለትም የሚጠበቀው ነገር ተገልብጦ ሲገኝ፣ የተጻፈው ምሳሌ የእሳት አደጋ ጣቢያ ተቃጠለ የሚል ነው። የጓደኛዋ ደብተር ላይም፣ የክፍሉ ሁሉ ደብተር ላይም ያው ጣቢያ ይቃጠላል። ከዚያ «ኢንፈረንስ» የሚለውን በአንድ ትንፋሽ በቃሏ ወጣችልኝ። በአማርኛ ንገሪኝ ስላትም አላቃታትም፤ «ከተጻፈው ተነሥቶ ያልተጻፈውን መረዳት» አለች።

«ታዲያ ሴትየዋ ለምን ሁለት ሳህን አቀረበች?»

«አል-ተ-ጻ-ፈም!»

ልጄ ኢንፈረንስን አሳምራ ታውቀዋለች። መንገድ ላይ ብታገኘው ግን ሰላም አትለውም።

«አልፈርምም» አልኩ።

«እንዴ! ስድስቱን ፈርመሽ?»

«ሳላውቅ ነው።»

«ዓርብ እኮ ነው የሚሰበሰበው! እማ፣ ከኬጂ ጀምሮ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ወንበር ላይ ነን። እሷ ‹ኤ› ቀርታ እኔ ልወርድ ነው?» ዓይኗ ሞላ። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና መስኮቱ ላይ ወዳለው የጸሎት መጽሐፌ ጠቆመች። «አንቺስ ጠዋት ጠዋት በግዕዝ የምትደግሚው ይገባሻል? እስቲ ይቺ መስመር ምን ትላለች?»

መስመሯን አየኋት። ሠላሳ ዓመት የማውቃት መስመር ናት። አፌን ከፈትኩ፤ ግዕዙ ወጣ። አማርኛው አልወጣም።

«አልተጻፈም በያ» አለችኝ።

ልጅ የሰጠኝ ጌታ ይመስገን፤ ጠላት ሳያስፈልገኝ ኖርኩ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። መሥሪያ ቤቴ ካለበት ከጎፋ እሳቸው ያሉበት ብስራተ ገብርኤል ሩቅ አይደለም፤ የሚረዝመው የታክሲው ወረፋ ነው።

«አባ፣ በሐሰት መሰከርኩ» አልኳቸው።

ደነገጡ። «ፍርድ ቤት ቆምሽ?»

«የለም አባ። በእንግሊዝኛ ነው።»

መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። በክህነት ዘመናቸው ይህ ኃጢአት አልገጠማቸውም መሰለኝ። ነገርኳቸው።

«ልጅቷ አነበበች ወይስ አላነበበችም?»

«አነበበች። አልገባትም እንጂ።»

«እኔም ንባብ ቤት ሳለሁ እንዲያ ነበርኩ። ድምፄ ሲያምር የሰፈሩ ሴቶች ያለቅሱ ነበር። ለምን እንደሚያለቅሱ እነሱም እኔም አናውቅም። ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ገብቷታል ይላል።»

«ገብቷታል?»

«አልገባትም።»

«እንግዲህ ልጄ፣ ይህንን ለመጠየቅ ነው ወረፋ ተሰልፈሽ የመጣሽው?»

ስግደት አላዘዙኝም። የመጽሐፌን አማርኛ ትርጓሜ አዋሱኝና በቀን አንድ ገጽ አሉኝ። ስግደት ይሻለኝ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ለልጄ ውሉን ነገርኳት፤ አንድ ገጽ እኔ፣ አንድ ታሪክ አንቺ፤ የገባን ይቆጠራል። «አንቺ መጀመሪያ» አለች። መጀመሪያ እኔ ሆንኩ። ዓርብ እስኪደርስ ሦስት ምሽት ነበረን።

ያቺን የሳህን ሴትዮ ረቡዕ እንደገና አነበበቻት። አያምርም ነበር፤ እየቆመች፣ እየተመለሰች ነው። አባቴ ቢሰማት መጽሐፉን ይቀማት ነበር። እራት ቀርቧል። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ወንበር የአባቷ ነው፤ እሱ በሌለ ጊዜ ማንም አይቀመጥበትም። አትቀመጡ ያለን የለም። መጽሐፉን እንደያዘች ቀና አለችና ወንበሩን አየችው።

«እማ፣ ሞቷል እንዴ?»

«ማን?»

«የሴትየዋ ሰውዬ። ወይም ሄዷል።»

«የት ተጽፏል?» አልኳት። በቀል ኃጢአት ነው፤ ትንሽ ተበቀልኩ።

«አልተጻፈም» አለች ቀስ ብላ። «ሳህኑ ላይ ነው ያለው።» ከዚያ ደግሞ፣ «የእኛ ግን ይመጣል፣ አይደል?»

«ይመጣል።»

ሰባተኛውን ፈረምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዋናውን አይቼ ፈረምኩ።

ሐሙስ ምሽት ላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ታሪኮችም ደግመን ጨርሰን ነበር። ከሰባተኛው ጋር አራት። ስምንት ይቀራል።

«እማዬ፣ በማርያም፣ የቀረውን ዝም ብለሽ ፈርሚልኝ። በኋላ ይገባኛል።»

በእመቤታችን ስም ዋሺ ስባል የመጀመሪያዬ ነው።

«የጓደኛዬ እናት እኮ ስልክ እያወራች ነው ሁሉንም በአንዴ የፈረመችላት!»

«እግዚአብሔር ያበርታት።»

ቀሪዎቹን ሦስት የቀድሞ ፊርማዎቼን ሰረዝኩ፤ በየስርዙ ጎን እንደ መሥሪያ ቤታችን ደንብ ፓራፌን፣ አጭሯን ፊርማ፣ አሳረፍኩ። ከግርጌ በአማርኛ ጻፍኩ፦ «ከአሥራ ሁለቱ አራቱ ገብቷታል። የቀረው በመግባት ላይ ይገኛል።» ልጄ አለቀሰች። ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ጠዋት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አላናገረችኝም።

ቅጹን እኔው ለመምህሩ ሰጠሁት። ወጣት ነው፤ ፊቱ የቅጽ ቁልል አለ። ገለበጠው፤ ገለበጠው።

«እናት፣ ሥርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ አንቀበልም» አለኝ።

ይህን ዓረፍተ ነገር በቀን አሥር ጊዜ እላለሁ። ለካ ሲሉት እንጂ ሲባሉት አይጥምም።

«መምህር፣ እውነቱን ነው የጻፍኩት።»

«ይገባኛል። ግን የጎደለው የእርስዎ ልጅና የአንድ ሌላ ልጅ ቅጽ ብቻ ነው። ሌላው ወላጅ በሙሉ አሥራ ሁለቱንም ፈርሟል።» ወደ ቁልሉ ተመለሰ። እያንዳንዱ ቅጽ ሥር ለእሱም ቦታ አለው፤ አንብበው መረዳታቸውን አጣርቻለሁ ይላል። እየገለጠ ፈረመ። እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ጎበዝ ነው፤ በመዝገብ ቤታችን እንደ እሱ የሚፈጥን የለም።

በተከታዩ ሳምንት ልጄ «ቢ» ገባች። የጓደኛዋ ጎን ባዶ ቀረ፤ ከዚያ ሌላ ልጅ ተቀመጠበት። ይህን የነገረችኝ እራት እየበላን ነው፤ ጨርሳ አልበላችም። ያን ምሽት፣ ቅጹ ላይ የጻፍኩትን አልወደድኩትም። ግን ቅጹ ቢመለስልኝም አላጠፋውም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቲቶሪያል ወሰድኳት። ሃምሳ ተማሪ በሚይዝ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች ተቀመጡ። እንግዲህ በዚያ ሁሉ ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያልገባቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ ስለ ቀሩት ተመስገን ነው። መምህሩ ያው ነው። በሩ ክፍት ስለነበር ድምፁ ይሰማኛል። ሁለት ልጅ ብቻ ሲሆን ይጠይቃል፤ መልስም ይጠብቃል።

እኔ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ትርጓሜዬን ገለጥኩ። ልጄ የጠየቀችኝ መስመር ላይ ደርሻለሁ። ጠላቴን ያዝልኝ የምትል ይመስለኝ ነበር። አፌን ጠብቅልኝ ነው የምትለው። ሠላሳ ዓመት ምን እንደምለምን ሳላውቅ ለመንኩ፤ እሱ ግን ታገሠኝ።

ልጄ ወጣች። ፊቷ እንደ ትናንቱ አይደለም፤ እንደ ድሮውም አይደለም።

«ምን ተማራችሁ?»

ደብተሯን ዘረጋችልኝ። የአይረኒው ምሳሌ፣ የተቃጠለው የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ በቀይ መስመር ተሰርዟል፤ ከስርዙ ጎን አጭር ፊርማ አኑራለች። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር አለ። ቃል በቃል ሄድኩበት፤ ሲያቅተኝ ረዳችኝ። «የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ገብቶታል ተብሎ ተፈረመለት። ቅዳሜ መጥተው የገባቸው ግን አልገባቸውም የተባሉት ሁለቱ ናቸው።»

«መምህርሽ አየው?»

«አየው። ሳቀ። ከዛ ደግሞ ሳቁን አቆመ።»

«ምን አለሽ?»

«ምንም። እማ፣ ገባሽ?»

ገባኝ። አሳምረሽ ጻፍሽ ግን አላልኳትም፤ ያልተባለውን ራሷ እንድትረዳው ተውኩላት። ታክሲ ወረፋው ላይ ከፊታችን ሃያ ሰው አለ። ስምንተኛውን ታሪክ አወጣች፤ ቀስ ብላ፣ እየቆመች ማንበብ ጀመረች።