ደመና ሻጯ

ቴፒ ላይ ብዙ ሰው የሚያውቀኝ በስሜ ሳይሆን «ደመና ሻጯ» በሚለው ነው። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ባጃጅ ነጂዎቹ «እትዬ፣ ዛሬ ገበያው ደርቶልሻል!» ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ እስቅ ነበር። አሁን ለመሳቅም ለመቆጣትም ጉልበት ስለሌለኝ እጄን አንስቼ አልፋለሁ።

ስሙን ያተረፈልኝ የድርጅቴ ስትራቴጂ ነው። የምሠራው በአንድ የቴሌኮም ድርጅት የሚዛን ከተማ ቅርንጫፍ፣ ለነጋዴዎችና ለመሥሪያ ቤቶች መስመር በሚሸጠውና በሚጠግነው ክፍል ነው። «ክፍል» የምለው ለወግ ያህል ነው እንጂ እኔ፣ አንድ ቴክኒሻንና ከመንገድ ይልቅ ጋራዥ የሚወድ አሮጌ መኪና ነን።

አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ሰበሰቡን። «ከእንግዲህ ሲም ካርድ በመሸጥ አናድግም» አሉን። ሰው በኢንተርኔት መደዋወል ከለመደ ወዲህ የስልክ ጥሪ ገቢው እየመነመነ ነው። ስለዚህ የሚያሳድገን ነጋዴውን ይዘን፣ ቅርንጫፎቹን በኔትወርክ አገናኝተን፣ የኮምፒውተር ሥራውን ክላውድ በሚሉት፣ በእኛ ማሽኖች ላይ አስቀምጠን፣ ጠብቀንና ጠግነን በየወሩ ስናስከፍለው ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ዛሬም አልክድም። ግን ግድግዳው ላይ ያሳዩን ካርታ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጅማ እስኪደርስ መስመሩ ወፍራም ነበር። ወደ እኛ ሲወርድ ቀጠነ፤ ማሻ ላይ ጭራሽ ነጠብጣብ ሆነ። በነጠብጣቡ ላይ የምመላለሰው እኔ ነኝ።

በመጨረሻም «ለደንበኛ እንግሊዝኛ አታብዙ፤ ክላውድ የሚለውን ደመና በሉት» የሚል መመሪያ ተሰጠን። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ፤ ልቤ ግን እዚያ አልነበረም። የአካባቢው ኃላፊያችን «ትልቅ ደንበኛ ቀድሞ ያስፈረመ ሰው ዝውውር ቢጠይቅ አናሳፍረውም» ብሎን ነበርና እኔ የማስበው ስለ ጅማ ነበር።

ልጄ ጅማ፣ እህቴ ጋ ናት። አባቷ በሕይወት የለም። እኔ ጋ አምጥቻት ነበር፤ የሚዛን እርጥበት ግን ለደረቷ አልሆነም። ግድግዳው በሚያልበው የኪራይ ቤቴ ውስጥ አስሟ እየተነሳ ስትታፈን ከርማ፣ ሐኪሙ «ይቺን ልጅ ከዚህ አየር አውጫት» አለኝ። አወጣኋት። እኔ ግን እንጀራዬ እዚህ ነውና ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ የምንተያየው በስልክ ነው። ምስሏ አፏን እንደከፈተች ይቆማል፤ ድምፅዋ ዘግይቶ ይደርሳል። የኔትወርክ ሠራተኛ ሆኜ የገዛ ልጄን «እስቲ ወደ በረንዳው ውጪ፣ እዚያ ይሻል እንደሆነ» እላታለሁ። ያናድዳል።

በአካባቢያችን ትልቅ ደንበኛ ሊሆኑ የሚችሉት አንድ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ከጅማ በኩል መጥተው ቴፒ የከተሙ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። መጋዘናቸው ቴፒ ነው፤ ሸዋ ቤንችና ማሻ ደግሞ ቡና የሚረከቡባቸው ጣቢያዎች አሏቸው። የትኛው ጣቢያ ምን ያህል ቡና እንደገባው የሚያውቁት በስልክ፣ ስልክ እምቢ ሲል በሞተር ሳይክል፣ ሞተሩ ጭቃ ሲይዘው ደግሞ፣ ራሳቸው እንደሚሉት፣ በዱዓ ነው።

የሄድኩት በለቀማ ወቅት ነው። ሐጂ የጣቢያ ኃላፊዎቻቸውን መጋዘን ውስጥ ሰብስበው ጠበቁኝ። ውጭ ግቢው ሙሉ የታጠበ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ፈገግ ብዬ፣ በተማርኩት መሠረት ጀመርኩ።

«ሐጂ፣ ከእንግዲህ የቡናዎን ነገር በሙሉ ደመና ላይ እናደርግልዎታለን።»

የሁሉም ዓይን ወደ በሩ ዞረ። እዚህ አገር ቡና በተሰጣበት ወቅት «ደመና» ያለ ሰው የሚናገረው ስለ አየር ጠባይ አይደለም፤ ሩጡ ማለቱ ነው። ዝናብ የመታው ቡና ይሻግታል፤ የዓመት ልፋት በአንድ ከሰዓት ይበላሻል። ከኋላ የተቀመጠው አንዱ የጣቢያ ኃላፊ ቀሪውን ንግግሬን አልጠበቀም። «ሸራ! ሸራ!» እያለ ብድግ ብሎ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በጠራራ ፀሐይ ግቢው ሙሉ ቡና ተሸፈነ።

ሐጂ ጺማቸውን ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ቡና ከደመና ሳሸሽ፣ አንቺ ደመና ላይ ልትጭኝልኝ መጣሽ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር። ላሟን ይዞ የሚዞር ሻጭ ግን ወላሂ ዛሬ ገና አየሁ!»

ስሙ የወጣልኝ ያን ቀን ነው። ወደ ሚዛን ስመለስ ቴክኒሻኑ መሪውን ይዞ ብቻውን ሲስቅ ነበር፤ እኔ ግን ጅማ ከእጄ ያመለጠች መሰለኝ።

በሌላ ሳምንት ያለ ላፕቶፕ ተመለስኩ። ደመና የሚባል ቃል አላነሳሁም። «ማሻ ላይ ቡናው ሚዛን ላይ ሲወጣ እርስዎ እዚህ ተቀምጠው ያዩታል። ይሄ ኮምፒውተር ቢቃጠልም ሥራዎ አዲስ አበባ ባለው የእኛ ማሽን ላይ ይተርፋል» አልኳቸው።

«ሲቋረጥስ?»

«ይቋረጣል።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«መንገድ ሠሪ ይቆርጠዋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ዛፍ ይወድቅበታል። ሐጂ፣ አይቋረጥም ብዬ አልዋሽዎትም። ሲቋረጥ ግን መጥተን እንቀጥለዋለን።»

«እንቀጥለዋለን ስትዪ እነማን ናችሁ?»

«እኔና ቴክኒሻኑ ነን።»

ያን ጊዜ ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር።

«እስቲ ለሙከራ አስገቢልኝ» አሉ። አስገባን፤ እንዳልኩትም ተቋረጠ። ያን ወቅት ያሳለፍኩት ጭቃ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ሸዋ ቤንች አጠገብ የመንገድ ሥራ ኤክስካቫተር የተቀበረውን የፋይበር መስመር በጠሰው። ቴክኒሻኑ ፀጉር የመሰለውን የመስታወት ክር ሲቀጥል ዝናብ እንዳይነካው፣ ጃንጥላ ይዤለት ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ ዋልኩ። ሐጂ ደወሉ።

«የት ነሽ ልጄ?»

«ጉድጓድ ውስጥ ነኝ፣ ሐጂ።»

«በርቺ፤ አላህ ያግዝሽ» ብለው ዘጉ። ከዚያ በኋላ መስመር ሲጠፋ የሚደውሉት ወደ ጥሪ ማዕከሉ ሳይሆን ወደ እኔ ሆነ። በዓል የለ፣ እሑድ የለ። ስልኬ ሲጮህ ወገቤን የሚያመኝ ከዚያ ወቅት ጀምሮ ነው።

ድርጅቱም ለትልቁ ደንበኛ ሲል እጁን ፈታ፤ ከጅማ በሚዛን አድርጎ እስከ ማሻ ያለውን መስመር አጠናከረው። ሐጂም ልፈርም አሉ። ኃላፊያችን ቀለም የተቀባ ጫማ አድርጎ ከጅማ መጣና እዚያው መጋዘን ውስጥ ተቀመጥን። ሐጂ እስክሪብቶውን አንስተው ቆም አሉ።

«አንድ ነገር አለኝ። እናንተን አላውቃችሁም፤ ደመናችሁንም አላውቀውም። የማውቀው ይቺን ልጅ ነው። እሷ እዚህ እስካለች ድረስ አለሁ። ከሄደች ግን እኔም የለሁበትም።»

የምትጠብቀኝ ልጅ እንዳለችኝ አያውቁም። ሊያከብሩኝ ፈልገው ነው የተናገሩት፤ ሲናገሩም እንደ አባት እያዩኝ ነበር። ኃላፊው ወደ እኔ ሳያይ «የትም አትሄድም ሐጂ! ይቺማ የእርስዎ ናት» አለ። ፈረሙ። ቆመው ዱዓ አደረጉልኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።

ውጭ ስንወጣ «ዝውውሬስ?» አልኩት።

«ምን ዝውውር አለ አሁን? ስትራቴጂው እኮ አንቺው ራስሽ ነሽ!» አለኝ። እንደ ሹመት ነው የነገረኝ። በጣም ተናደድኩ፤ በዚያ በሚያብለጨልጭ ጫማው ልደበድበው ቃጣኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ግን ንዴቱም ደከመኝ።

አመሻሽ ላይ፣ መኪናችንን ከጭቃ ስገፋ እንደተለቀለቅኩ ቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ ልጄ ደወለች። ምስሉ ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልቆመም። የወለቀው የፊት ጥርሷ ቦታ፣ ግንባሯ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

«እማዬ! ዛሬ ጥርት ብለሻል! ፀጉርሽ ላይ ጭቃ አለ!»

«አለ፣ የኔ እናት።»

አየችኝ። ተስፋ የሰጠኋት ዝውውር እንዳልተሳካ ገና አልነገርኳትም። ከፊቴ ላይ አነበበችው መሰለኝ፤ ሳል እንኳ ሳያቋርጣት፣ እንደ ትልቅ ሰው ታጽናናኝ ጀመር።

«እንዲህ ከታየሽኝማ ባትመጪም ችግር የለውም። አይደል?»

እንባዬ ሲመጣ ታወቀኝና ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

«የኔ ልጅ፣ ትሰሚኛለሽ? ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፤ ኋላ እደውልልሻለሁ።»

«አልተቆራረጠም እኮ፣ እማዬ» አለች። «ግድግዳሽ ሲያልበው ሁሉ ይታየኛል።»