ለጋሼ ይመር ያልጠየቅሁለት

ሌላው ስደተኛ በሌሊት ይወጣል። እኔ ከመካነ ሰላም የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን ነው። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ይመር ወገቡን ይዞ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። ከእርሻ የመጣ ሕመም መስሎን ወጌሻ ያሸው ነበር። «እንደ አሮጌ በሬ ተንቀራፈፍህ እኮ!» ብዬ ሳቅሁበት። «አብሽር፣ ሂድ» አለኝ።

በረሃውም ባሕሩም አለፈ። ጀርመን ገባሁ። ብርዱ የአገራችንን ደጋ፣ የደጎሎን ውርጭ ያስመሰግናል፤ ዳቦው እንደ ድንጋይ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ወለል እጠርጋለሁ።

አንድ ቀን ጋሼ ደወለ። ወገቡ ወገብ አልነበረም፤ የመቅኒ ካንሰር ነው። ፕላዝማ የሚባሉ የደም ሴሎች ያለ ልክ ተራብተው አጥንቱን በልተውታል። የምርመራውን ወረቀት ፎቶ ላከልኝ። «ከሐኪሞቹ አንዱን ጠይቅልኝ» አለ።

የምጠርገው ይህንኑ በሽታ የምታክመውን ዶክተር በር ነበር። ግን ጀርመንኛዬ ስብርብር ያለ ነው፤ መጥረጊያ ይዤ ምን ብዬ ላናግራት? አፈርሁ። በሦስተኛው ስልክ፣ «ጠየቅሁ ጋሼ፤ ምንም መድኃኒት የለውም አሉ» አልሁት።

«አልሐምዱሊላህ። ከጠየቅህልኝ ይበቃኛል።»

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እሑድ ቀን፣ ሁለት ያገሬ ልጆች መርዶ ይዘው መጡ። ስጮህ አከራዬ በሩን አንኳኳች።

«ዛሬ እሑድ ነው፤ ጩኸት ክልክል ነው።»

«ወንድሜ ሞቶብኝ ነው።»

«አዝናለሁ። እሑድ ግን ክልክል ነው።»

አንደኛው ልጅ በአማርኛ፣ «በል እስከ ሰኞ ዋጠው» አለኝ።

ሰኞ ዶክተሯን ጠየቅኋት። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ እንጃ ድፍረቱ። ወረቀቱን ከስልኬ አነበበችው።

«ሰውነትን የሚጠብቁ ቲ ሴሎች አሉ» አለች። «በዚህ በሽታ ጠላታቸውን እያዩ ደክመው ዝም ይላሉ። እኛ ከበሽተኛው ደም አውጥተን፣ እንዲዋጉ አድርገን እንመልሳቸዋለን። ሁሉንም አያድንም። ለአንዳንዱ ግን ዓመታት ይጨምራል።»

«መካነ ሰላም ላለ ሰውስ?»

«እሱን አላውቅም። ግን ለሐኪሙ እጽፍለት ነበር። በየቀኑ በደጄ ታልፋለህ፤ ለምን ዝም አልህ?»

ወለሉን አየሁ። ንጹሕ ነበር።

ማታ እናቴ ጋ ደወልሁ። «እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ…»

«ቆይ፣ አታልቅስብኝ። ለለቀስተኛው ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ታናሹ እዚያ ድረስ ጠይቆለታል ብዬ። እሱም ‹ወንድሜ ጠይቆልኛል› እያለ ነው የሄደ። አብሽር ልጄ፤ የምትችለውን አድርገሃል። ሃሎ? ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ፣ እማ» አልኋት።