የአያቴ ማርና የበረንዳችን ወፍ

ዛሬ ጠዋት እማዬ ከበረንዳ ሆና «ቤዛ፣ ነይ ቶሎ! ወፏ ፈለፈለች!» ብላ ስትጠራኝ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ለገና ሰቅለነው ሳናወርደው የከረመው የመብራት ገመድ ላይ ከቡና ሲኒ የምታንስ ጎጆ አለች። ውስጧ ሁለት ጫጩቶች፣ ላባ ያላወጡ፣ አፋቸውን ከፍተው። ደስታዬን የት እንደማደርገው ስላጣሁ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ድሮ በአማርኛ ሦስት መስመር መጻፍ ያስፈራኝ ነበር። አሁን ብዕሩ እምቢ አይለኝም።

ጫጩቶቹን ሳይ ግን ትዝ ያለኝ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የነበረው ብርድ ነው። እኛ ያለንበት ላስ ቬጋስ ውርጭ ይጥላል ስል ሙቀታችንን ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ይስቁብኛል። ይጥላል። ሰፈራችን ስፕሪንግ ቫሊ ውስጥ ታኅሣሥ ላይ ማለዳ የመኪናው መስታወት ይነጣል፤ አባዬ ከኤርፖርት ሺፍቱ ሲገባ ጣቶቹን በሻይ ብርጭቆ ያሞቃል።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች በረንዳው ላይ ቀይ የወፍ መመገቢያ ትተው ሄደው ነበር። ስኳር በውሃ በጥብጬ ስሞላው አንዲት ሃሚንግበርድ ለመደችን፤ አውራ ጣት የምታክል፣ አየር ላይ ቆማ እየተርገበገበች በመርፌ አፏ የምትመጥ ወፍ። እማዬ «ለጢንዚዛ ስኳር ትበጠብጫለሽ?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ያን ሰሞን ማሾፉን ትታ ነበር። አያቴ፣ የእማዬ እናት፣ ደሴ ላይ ሞታ፣ እማዬ ከሆቴል ሥራዋ እንደወጣች ጥቁሯን ትለብስ ነበር። መርዶው እስኪነገራት ድረስ እኔና አባዬ «ትንሽ አሟት ነው» እያልናት ነበር። ወጉ እንደዚያ ነው፤ ሥራ ቦታ ብቻዋን እንዳትሰማ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እስኪነግራት። ወጉን እሷም ታውቀዋለች። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ስናወራት ዓይን ዓይናችንን ታያለች። አያቴ የላከችው ማር ቁምሳጥን ውስጥ እንደታሸገ ነበር፤ ማንም አይነካውም።

አንድ ጠዋት መመገቢያው በረዶ ሆኖ አገኘሁት። ወፏ ጠርዙ ላይ ተነፋፍታ፣ ዓይኗን ከድና፣ አትነቃነቅም። እማዬ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከኋላዬ መጣች።

«ሞተች» አለች።

«አልሞተችም፤ ተኝታ ነው። ሲበርዳቸው እንዲህ ይደነዝዛሉ። ጸሐይ ሲነካቸው ይነቃሉ፤ ስልኬ ላይ አንብቤያለሁ።»

«ስለ እናቴም እንዲህ ነበር ያላችሁኝ።»

እሷ ወደ ውስጥ ገባች፤ የቁምሳጥኑ በር ሲከፈት ሰማሁ። ማሩን ለብ ባለ ውሃ በብርጭቆ በጥብጣ ይዛ ወጣች።

«የሚያነሳት ይሄ ነው። መድኃኒት ነው።»

ስለ ማርም አንብቤ ነበር። ብርጭቆውን እንዴት እንደያዘችው ሳይ ዝም ማለት በጣም ይቀለኝ ነበር።

«እማ፣ ማር አይሆናትም። ይሻግትና ምላሷን ያሳምማታል።»

«የእናቴ ማር?»

«የማንም ማር።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ብርጭቆውን ዝቅ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ «ልታስደስቺኝ ብትፈልጊ ዝም ትዪኝ ነበር» አለች። «እንግዲያው መተኛቷም እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እማ። ሁሉም ግን አይነቁም።»

ስልኳን አውጥታ ሱፐርቫይዘሯን «ላረፍድ ነው» አለችና ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እኔ ወፏን ሳልነካ በረዶውን በሙቅ ውሃ በነከርኩት ጨርቅ አቅልጬ መመገቢያውን በአዲስ የስኳር ውሃ ሞላሁት። ማሩን አልደፋችውም፤ ለሁለት ከፍላ አንዱን ሰጠችኝ። ጸሐይዋ የፊት ለፊቱን ጣሪያ እስክታልፍ እየጠጣን ጠበቅን። እማዬ፣ አያቴ ቀፎ ስትቆርጥ ንብ እንዴት እንደማይነድፋት ነገረችኝ። ከመርዶው ወዲህ ስለ እናቷ ስታወራ የመጀመሪያዋ ነበር።

ብርሃኑ ወፏ ጀርባ ላይ አረፈ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ጭራዋ ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኗን ከፈተች፤ አንገቷን አስግጋ መጠጠች።

«ጢንዚዛዋ ተነሳች» አለች እማዬ በሹክሹክታ።

የዛሬዎቹ ጫጩቶች እናት ያቺው ወፍ ትሁን ልጇ አላውቅም። ባትነቃ ኖሮስ? ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። እማዬ ያኔም የምታምነኝ ይመስለኛል፤ ክፉውንም ነግሬያት ነበራ።

እናንተም ውርጭ ያደረ ጠዋት ወደ በረንዳችሁ ውጡና እዩ። የደነዘዘች ወፍ ካገኛችሁ አትንኳት፤ አንድ ሲኒ ስኳር በአራት ሲኒ ውሃ በጥብጡላትና ጸሐይ ጠብቁላት። ቤታችሁ የታሸገ ማር ካለ ግን ለራሳችሁ ክፈቱት፤ አብሯችሁ ከሚጠብቅ ሰው ጋር ጠጡት።